“ቤት” የሚል ካሴት፦ ሳይወጡ ስለቀሩ የሶል ቅጂዎች እንነጋገር

የሸክላው_ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለቤቱ። ይህን ውይይት የከፈትኩት በአንድ ሳምንት ሁለት ነገር ስለገጠመኝ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ።

አጎቴ ባለፈው ዓመት ዐረፈ። ሚስቱ ዕቃ ስታስተካክል አንድ ካርቶን አወጣችልኝ። “አንተ ሙዚቃ ትወዳለህ፤ ካልጠቀመህ ጣለው” አለችኝ። አጎቴ በወጣትነቱ አስመራ፣ የአሜሪካ ጦር ሰፈር በነበረው በቃኘው ስቴሽን ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። የአሜሪካ ወታደሮቹ አገራቸው ሲመለሱ ሸክላቸውን ትተውለት ይሄዱ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ 31 ትናንሽ ሸክላዎች አሉ። አብዛኞቹ ሞታውንና ስታክስ የሚባሉት የአሜሪካ ሶል (የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን) አሳታሚዎች ሥራ ናቸው። አንዱ የስታክስ ሸክላ መሐሉ ላይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ወረቀት አለው፤ የተደራረቡ ሸክላዎች ሥዕል አለበት። በ1968 ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ጣቱን የሚያጮህ እጅ ከመሣሉ በፊት የታተመ ነው ማለት ነው። ሸክላው ተቧጭሯል፣ ግን ይዘፍናል። የአምሃ ሪከርድስም አራት አሉ።

ከሥር ሦስት ካሴቶች ነበሩ። ሁለቱ የታወቁ የአገር ቤት ዘፋኞች ናቸው። ሦስተኛው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ “ቤት” ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም።

በዚያው ሳምንት ሥራ እየሄድኩ የስታክስ ደራሲዎችን ዴሞ ሰማሁ። “ሪትን ኢን ዜር ሶል” ይባላል፤ በ2023 ነው የወጣው። ሰባት ሲዲ፣ 146 ዘፈን። ከነዚህ 140ው ከዚያ በፊት ወጥተው አያውቁም። ዴሞ ማለት ደራሲው ለዘፋኙ “እንዲህ ነው የሚዘፈነው” ብሎ የሚያሳይበት ቅጂ ነው። አንዳንዱ ላይ ድምፅና ጊታር ብቻ ነው ያለው። አንዳንዱ ላይ ሙሉ ባንድ አለ። ማክ ራይስ፣ ሆመር ባንክስ፣ ቤቲ ክራቸር፣ ኤዲ ፍሎይድ፣ ካርላ ቶማስ። ከእነዚህ ብዙዎቹን የማውቃቸው ሸክላው ላይ፣ ከዘፋኙ ስም ሥር፣ በደቃቅ ፊደል ነበር። አሁን ድምፃቸውን ሰማሁ።

እንዴት እንደተረፉ ሳነብ ነው የደነገጥኩት። ስታክስ ሜምፊስ ውስጥ፣ አሮጌ ሲኒማ ቤት ውስጥ የተከፈተ ስቱዲዮ ነበር። ሸክላውን የሚያከፋፍልለት የኒውዮርኩ አትላንቲክ ነው። በ1968 ሲለያዩ የውሉ አንድ አንቀጽ ብቅ አለ። አትላንቲክ እስከዚያ ድረስ ያከፋፈላቸው ማስተሮች (ዋናዎቹ ቅጂዎች) ሁሉ የአትላንቲክ ንብረት ናቸው ይላል። የስታክሱ ጂም ስቱዋርት አንቀጹን ልብ ሳይለው ነበር የፈረመው። ኦቲስ ሬዲንግ በአውሮፕላን አደጋ ከሞተ ገና ጥቂት ወራት ነበር። ዘፋኙም ሄደ፣ ዘፈኖቹም ሄዱ። በ1975 መጨረሻ ደግሞ ስታክስ ራሱ ከሰረ። ሕንፃውም በ1989 ፈረሰ።

ዴሞዎቹን ግን ማንም አልፈለጋቸውም። የሚሸጥ ሥራ አይደሉማ። ከግጥምና ዜማው መብት ጋር አንድ ላይ ታስረው፣ ባለቤት በተቀየረ ቁጥር አብረው እየተጫኑ ኖሩ። ሼሪል ፓወልስኪ የምትባል የሙዚቃ አዘጋጅ መዝገብ ስትበረብር አገኘቻቸው። ሰምታ፣ ለቅማ፣ ባለቤቶቹን ለይታ እስኪወጣ 17 ዓመት ያህል ፈጅቶባታል።

ዋጋ አላቸው የተባሉት ማስተሮች ክርክር በላቸው። ዋጋ የላቸውም የተባሉት ተረፉ። ከዚያ ወዲህ “ቤት” የሚለውን ካሴት ባየሁት ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል። እስካሁን አላጫወትኩትም። እንዴት ብነካው ይሻላል? እናንተስ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል?

---

የሊድሷ (ሊድስ)

ወንድሜ፣ አጎትህን ነፍስ ይማር። ካርቶኑን ያልጣለችውንም ሴትዮ እግዜር ይስጥልን።

እኔ ያለሁበት አገር ሰዎች ይህን ነገር እንደ ሃይማኖት ነው የያዙት። ሰሜን እንግሊዝ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ የፋብሪካ ሠራተኛ ወጣቶች የአሜሪካ ሶል ፍቅር ያዛቸው። ግን የታወቀውን ሶል አይደለም። ዲትሮይትና ቺካጎ ታትሞ ያልተሸጠውን፣ ማንም ያልሰማውን። በ1970 ዴቭ ጎዲን የሚባል ጸሐፊ “ኖርዘርን ሶል” ብሎ ስም አወጣለት። ዊጋን ካሲኖ የሚባለው አዳራሽ ከ1973 እስከ 1981 ሌሊቱን ሙሉ ያስጨፍር ነበር። መጠጥ አይሸጥም። ወለሉ እንዲያንሸራትት ታልከም ፓውደር ይነሰንሱበታል። ዛሬም እዚህ ሰፈራችን ባለው አዳራሽ አንዳንድ ቅዳሜ ይሰባሰባሉ። ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው ሰውዬ በፌስታል የያዘውን የቆዳ ጫማ አውጥቶ፣ የመጣበትን ቀይሮ፣ ፓውደሩን በትኖ ሲሽከረከር በዓይኔ አይቻለሁ።

ዲጄዎቹ የሸክላውን ስም በነጭ ወረቀት ይሸፍኑታል። የውሸት ስም ያወጡለታል። ሌላው ዲጄ አግኝቶ እንዳይገዛው ነው። በዚህ መንገድ “ኤዲ ፎስተር” በሚል ስም ሲያስጨፍር የነበረው ሸክላ በኋላ ሲገለጥ የፍራንክ ዊልሰን ሆኖ ተገኘ።

ፍራንክ ዊልሰን ሞታውን ውስጥ ደራሲና ፕሮዲዩሰር ነበር። በ1965 አንድ ዘፈን ራሱ ዘፈነ። 250 ያህል የናሙና ሸክላ ታተመ። ከዚያ ለሽያጭ ሳይወጣ ቀረ። የኩባንያው ባለቤት ቤሪ ጎርዲ “ዘፋኝ ነው መሆን የምትፈልገው ወይስ ፕሮዲዩሰር?” ብሎ ጠይቆት ፕሮዲዩሰርነቱን መረጠ ይባላል። ናሙናዎቹ ተወገዱ። በጣት የሚቆጠሩ ተረፉ። በ2009 አንዱ ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ዘፈን ነው።

እኔ ግን የምወደው የሜልባ ሙርን ታሪክ ነው። በ60ዎቹ “ማጂክ ታች” የሚል ዘፈን ቀዳች። አልወጣም። ሃያ ዓመት ያህል መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። በ80ዎቹ አጋማሽ ኬንት የሚባለው የለንደን አሳታሚ የአሮጌ ኩባንያዎችን ቴፕ ሲያስስ አገኘው። ሲያወጣው እዚህ አዳራሾቹ አበዱ። አስቡት፣ አዲስ ዘፈን ነበር ለእነሱ። ሃያ ዓመት የሞላው አዲስ ዘፈን።

---

ቀጥተኛው (ፍራንክፈርት)

ደስ የሚል ጨዋታ ነው። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ በቅን ልቦና ነው የምጠይቀው።

ፍራንክ ዊልሰን ይቅርብኝ ብሏል። ደራሲዎቹም ዴሞውን ሲቀዱ ሕዝብ ይሰማዋል ብለው አልነበረም። ሳይወጣ የቀረውን ሁሉ እየቆፈሩ ማውጣት ተገቢ ነው? እኔ ጓዳዬ ውስጥ የዘፈንኩትን ከሞትኩ በኋላ ዓለም ቢሰማው ደስ አይለኝም። ደግሞ ገንዘቡን ማን ይበላል? የእኛንም አገር ሸክላ አውሮፓ ሲሸጥ አያለሁ። ዘፋኙ ምን አገኘ?

---

የፒያሳው (አዲስ አበባ)

ልጆች፣ አነበብኳችሁ። እኔ በዕድሜ ከሁላችሁም ሳልበልጥ አልቀርም። ፒያሳ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ በልጅነቴ ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። የቤቱን ስም አልጠራም፣ ባለቤቱ በሕይወት የለም።

መጀመሪያ ቀጥተኛው ያነሳኸውን። ሳይወጣ የቀረ ሁሉ ባለቤቱ ጠልቶት አይደለም። በእኛ ዘንድ መንግሥት ነበር የሚከለክለው። በጃንሆይ ጊዜ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 ይህን ጥሶ ነው የጀመረው። ያኔ ገና ወጣት ልጅ ነው። ሸክላውን ውጭ አገር አስትሞ አስገባ። መጀመሪያ ያወጣው የአለማየሁ እሸቴን ነው። አለማየሁን “ኢትዮጵያዊው ጀምስ ብራውን” የምንለው ዝም ብለን አልነበረም። ከቃኘው የሚመጣውን ሸክላና ሬዲዮውን ሌት ተቀን ሰምቶ፣ ቀምሞ፣ የራሱ አድርጎ ነው የመጣው። ስለዚህ ልጄ፣ ያንተ አጎት ካርቶን ውስጥ ስታክስና አምሃ ሪከርድስ አጠገብ ለአጠገብ መተኛታቸው ትክክለኛ ቦታቸው ነው።

አምሃ በ1975 አገር ጥሎ ወደ አሜሪካ ሄደ። ሰዓት እላፊ መጣ። የምሽት ክበቡ ሁሉ ቀዘቀዘ። በ70ዎቹ መጨረሻ ሸክላ ማሳተምም ቆመ፣ ሁሉም ወደ ካሴት ዞረ። አያሌው መስፍን ታሰረ፣ ዘፈኖቹም ታገዱ። የእሱ የቆዩ ሥራዎች እንደገና ተሰብስበው በአሜሪካኑ አሳታሚ ናው አጌን በ2018 ሲወጡ ሰውየው በሕይወት አለ፣ ራሱ ፈቅዶ ነው። ይህን “ይቅርብኝ” ካለው ሰው ጋር አንድ አታድርገው።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር። እዚህ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምናገረው።

ሙዚቃ ቤታችን ውስጥ ከኋላ መደርደሪያ ነበር። ባንዶች ለሙከራ የቀዱት ቴፕ እዚያ ይቀመጣል። የማይሸጥ ነው። ባዶ ቴፕ ሲወደድ፣ ሲጠፋም፣ አለቃዬ “ከዚያ ውሰድና ላዩ ላይ ቅዳ” ይለኛል። እኔም እወስዳለሁ። ማስጀመሪያውን ተጭኜ እቀመጣለሁ። ላዩ ላይ ከመቅዳቴ በፊት አንዳንዴ ትንሽ አዳምጥ ነበር። አንድ ቀን አንድ ልጅ የኦቲስ ሬዲንግን ዜማ በአማርኛ ግጥም ሲያንጎራጉር ሰማሁ። ትንፋሹን እስክትሰማ ድረስ ቅርብ ነበር። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ ደንበኛ መጣና ላዩ ላይ ሌላ ቀዳሁበት። ይኸው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያችን ድምፅ ዛሬም እሰማታለሁ። ስንቱን እንደደመሰስኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ፈረንጅ ወሰደብን ስንል እሰማለሁ። የወሰደው ቢያንስ አለ። እኔ የደመሰስኩት የለም።

---

የሸክላው_ልጅ

ጋሼ፣ ስለነገሩን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ደግሜ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። እርስዎ ተቀጣሪ ልጅ ነበሩ።

---

ቴፕ_ጠጋኝ (ስቶክሆልም)

ሥራዬ ይሄ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ካሴቱ ልግባ።

የሸክላው ልጅ፣ ምንም ከማድረግህ በፊት የካሴቱን ጀርባ ተመልከት። ጠርዙ ላይ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። ካልተሰበሩ ሁለቱንም በቢላ ጫፍ ስበራቸው። ያኔ ማሽኑ ላዩ ላይ ሊቀዳበት አይችልም። ጣትህ ተሳስቶ መቅጃውን ቢጫን እንኳ አያልፍም። ቀድሞ ተሰብረው ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይነግርሃል፤ አጎትህ እንዳይደመሰስ ፈልጎ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ በመስኮቱ በኩል ክሩ ስር ያለውን ስፖንጅ እይ። ክሩን ወደ ሄዱ (ድምፁን ከክሩ ወደሚያነበው የማሽኑ ክፍል) የሚገፋው እሱ ነው። ማስቲሹ ሲደርቅ ይወድቃል። ከወደቀ ድምፁ ታፍኖ ይመጣልና “ተበላሽቷል” ብለህ ተስፋ ትቆርጣለህ። አልተበላሸም። ቅርፊቱ በብሎን የተያዘ ከሆነ ፈትተህ ክሩን ከነመጠንጠኛው ወደ ሌላ ጥሩ ቅርፊት ማዛወር ይቻላል። የቆዩት ብዙ ጊዜ አምስት ብሎን አላቸው። በማስቲሽ የተዘጋ ከሆነ አንተ አትንካው፣ ለባለሙያ ስጠው።

ከማጫወትህ በፊት በማሽን አትጠንጥነው። ሃምሳ ዓመት የተኛ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ሞተሩ በኃይል ሲስበው ይበጠሳል። ሁላችንም የምናውቃት ቢክ እስክሪብቶ አለች አይደል? እሷን አስገባና በእጅህ ቀስ ብለህ እስከ መጨረሻው አዙር። ከዚያ መልስ። እጅህ መጨናነቁን ይነግርሃል። የማጫወቻውን ሄድ በአልኮል ጥረገው። በመጀመሪያው ማጫወት ራሱ ወደ ኮምፒውተር ቅዳው። “መጀመሪያ ልስማው፣ በኋላ እቀዳዋለሁ” አትበል። አንዳንድ ክር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚናገረው።

ኢንተርኔት ላይ “ቴፕ በምድጃ ይጋገራል” የሚል ታያለህ። እውነት ነው፣ ግን ላንተ አይደለም። ከ70ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሠሩ አንዳንድ ትልልቅ የስቱዲዮ ሪሎች ማጣበቂያቸው እርጥበት ይስባል። ሲጫወቱ ይጮሃሉ፣ ሄዱ ላይ ቡናማ ጭቃ ይተዋሉ። እነሱን በ54 ዲግሪ አካባቢ ስምንት ሰዓት ያህል በልዩ ማድረቂያ ብናቆያቸው ለጥቂት ሳምንታት ይድናሉ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መቅዳት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት በአሴቴት የተሠሩት ሪሎች ግን በሙቀት ይጠፋሉ። ሲያረጁ የኮምጣጤ ሽታ አላቸው፤ አፍንጫህ ነው የሚለያቸው። ካሴት ደግሞ በጭራሽ ወደ ሙቀት እንዳታቀርበው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው “ትልልቅ ኩባንያዎች ጋ ያለው ደህና ነው” ብሎ ያስባል። በ2008 ሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ውስጥ በተነሳው እሳት የማስተር ቴፕ ማከማቻ ተቃጥሏል። ሕዝብ የጉዳቱን ስፋት የሰማው በ2019 ጋዜጣ ሲጽፈው ነው። ምን ያህሉ እንደጠፋ አሁንም ያከራክራል። ስለዚህ የሚቀዳው ፋይል ቢያንስ ሦስት ቦታ ይቀመጥ። አንዱ ሌላ ቤት ውስጥ ይሁን።

---

አንቀጽ (አዲስ አበባ)

ቀጥተኛው የጠየቀውን የገንዘብ ነገር ዝም ብለን አንለፈው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ሰው ካሴቱን ያገኘው የዘፈኑ ባለቤት ይመስለዋል። አይደለም። ካርቶኑ የአንተ ነው፣ በውስጡ ያለው ድምፅ የአንተ አይደለም። በእኛ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ የደራሲው መብት ለብቻ ነው፣ የዘፋኙና የተጫዋቹ ለብቻ፣ ድምፁን ያስቀዳው ሰው ደግሞ ለብቻ። የደራሲው ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ አንድ ካሴት ውስጥ ሦስት አራት ቤተሰብ ሊኖር ይችላል።

አውሮፓ ያለው ሕግ ደግሞ የሚገርም ነገር አመጣ። የድምፅ ቅጂ ጥበቃ ከ50 ወደ 70 ዓመት ሲያድግ፣ በ50 ዓመት ውስጥ ያልወጣ ቅጂ ግን ይህን ጭማሪ አያገኝም ተባለ። ኩባንያዎቹ ደነገጡ። ሞታውን የ1960ዎቹን ያልወጡ ዘፈኖች በኢንተርኔት በጅምላ ለቀቀ። በየዓመቱ መጨረሻ ተመሳሳይ ነገር ቀጠለ። ጆሯችን የጠገበው በሙዚቃ ፍቅር ብቻ አይደለም፣ መብቱ እንዳያመልጥ ነው። እኔ ግን አላማርርም። ለሃምሳ ዓመት የተቆለፈ በር ተከፍቷል።

---

አዜብ_ከአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)

ገንዘቡን ማን በላ ለሚለው አንድ ጥሩ ምሳሌ አለኝ። ኃይሉ መርጊያ።

የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። በ80ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ አሜሪካ ሲመጣ እሱ ቀረ። በ1985 ለብቻው አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ መድረክ ጠፋ። ዱልስ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ሙዚቃ ቤት ውስጥ ያንን ካሴት አገኘው። ወደደው። ስሙን ፈልጎ፣ ስልኩን አግኝቶ ደወለለት። ካሴቱ በ2013 እንደገና ወጣ። በስምምነት ነው፣ ገቢውንም ይካፈላሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ኃይሉ ተመልሶ መድረክ ላይ መውጣቱ ነው። አውሮፓም፣ አሜሪካም። ታክሲ ሲነዳም መንገደኛ እስኪመጣ ድረስ ኪቦርዱን አውጥቶ መኪና ውስጥ ይለማመድ እንደነበር ተናግሯል። እጁን አላሳረፈውም። ስልኩ ሲጮህ ዝግጁ ነበር።

መጀመሪያ የተሠራው ሥራ መደወል ነው። ሸክላ ማሳተም አይደለም፣ ስልክ መደወል። ይህን ያደረገ ሰው ላይ እኔ ቅሬታ የለኝም።

---

የሊድሷ

አዜብዬ፣ ልክ ነሽ። የስታክሱም እንዲህ ነው። ከዚያ ካሴት... ይቅርታ፣ ከዚያ ሲዲ ጋር የሚመጣውን ጽሑፍ ከጻፉት አንዷ ዲኒ ፓርከር ናት። በዘመኑ ስታክስ ውስጥ የሠራች፣ ዘፈንም የጻፈች ሴት። እዚያ የነበረ ሰው ነው የራሱን ቤት ታሪክ የጻፈው። ግራሚ ሲሰጠው እኔ ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ።

---

ሐዋሪያት_ጎዳና (ኢየሩሳሌም)

ከሶል ትንሽ ልውጣ፣ ግን “ቤት” የሚለው ቃል ነካኝ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን በፒያኖአቸው ነው ሁላችንም የምናውቃቸው። በ2023 እዚህ ኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ከዚያ በኋላ በ2024 የወጣው ግን ፒያኖ ብቻ አይደለም፤ ሲዘምሩ ይሰማሉ። አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት በደርግ ጊዜ በካሴት የቀዱት ነው። ስቱዲዮ የለም፣ መሐንዲስ የለም። ጎላ ብሎ የሚሰማው ክፍሉ ነው። ከጥሩ ስቱዲዮ ቅጂ ይልቅ ይህኛው ይበልጥብኛል። እርሳቸው ወንበሩ ላይ ሲስተካከሉ ያየሁ ይመስለኛል።

---

ቀጥተኛው

ጋሼ የፒያሳው፣ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው። “ይቅርብኝ” ያለና “እንዳትል” የተባለ ለየቅል መሆኑን አላሰብኩትም ነበር። ጥያቄዬ ግን በከፊል አሁንም አለ። ባለቤቱ ወይም ቤተሰቡ ካልተገኘ ምን ይደረግ? እኔ ብሆን ቀድቼ አስቀምጠዋለሁ፣ ግን ኢንተርኔት ላይ አልጭነውም።

---

አንቀጽ

ከአንተ ጋር ነኝ። መቅዳትና ማሰራጨት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መቅዳቱ አይቆይም፣ ክሩ ይሞታል። ማሰራጨቱ መቆየት ይችላል።

---

የሸክላው_ልጅ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሠራሁት።

ጥርሶቹ ተሰብረው ነበር። ሁለቱም። ቴፕ ጠጋኝ፣ ይህን ሳይ ለትንሽ ጊዜ ቁጭ አልኩ።

ስፖንጁ ወድቋል። ቅርፊቱ በብሎን ስለሆነ ፈትቼ አዛወርኩት። ክሩ አንድ ቦታ ላይ ታጥፎ ነበር፤ በጥፍሬ ጀርባ አቃናሁት። በቢኳ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠነጠንኩ። የአጎቴን ሚስት ጠርቻት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

መጀመሪያ ዝናብ ነው የሚሰማው። ቆርቆሮ ላይ። “ይሄ ጉለሌ ነው፣ የመጀመሪያው ቤታችን” አለች ወዲያው። ከዚያ አጎቴ “ተቀዳ? እየተቀዳ ነው?” ይላል። ድምፁ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ድምፅ ነው። ከዚያ አንዱን የስታክስ ሸክላ ከፍቶ አብሮት ይዘፍናል። እንግሊዝኛው ግማሹ ትክክል አይደለም። ዜማው ግን አንድም ቦታ አልሳተም። እሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነው የሰማችው። ሲዘፍን ሰምታው አታውቅም ነበር። አርባ ምናምን ዓመት አብረው ኖረው።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ሸክላ አይደለም። ጊታር ነው፣ የሚዘፍነውም አጎቴ አይደለም። የሶል አካሄድ አለው፣ ግጥሙ አማርኛ ነው። በአራተኛው ደቂቃ ላይ ልጁ ያቆምና “ቆይ፣ ከላይ ልጀምረው” ይላል። እንደገና ይጀምራል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል። ማን እንደሆነ የአጎቴ ሚስትም አታውቅም። “ብዙ ልጆች ይመጡ ነበር” ነው ያለችኝ።

የትም አልጫንኩትም። ሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ። ጋሼ የፒያሳው፣ ለእርስዎ ብቻ በኢሜይል ልኬልዎታለሁ። ሁለተኛውን ገጽ ቢሰሙልኝ።

---

የፒያሳው

ልጄ፣ ደረሰኝ። የልጅ ልጄ በጆሮ ማዳመጫ ከፈተችልኝ። ሦስት ጊዜ ሰማሁት።

ድምፁን አላወቅኩትም። ያን ጊዜ ድምፁ እንዲህ የሆነ ልጅ ብዙ ነበር። ጊታሩን ግን ስማው። ቀጭኑ ገመድ የለም። አምስት ገመድ ነው። ከላይ መውጣት ሲገባው ሁልጊዜ ወደ ታች ይመለሳል፤ ለዚያ ነው ዜማው እንደዚያ የሚጎብጠው። አምስት ገመድ ይዞ ጉለሌ አካባቢ የሚጫወት አንድ ልጅ አውቃለሁ። ገመድ መግዣ አጥቶ ጀመረው፣ በኋላ ለምዶት ስድስተኛውን ቢሰጡትም አያስርም ነበር። እኛ ሙዚቃ ቤት እየመጣ ይቀመጣል።

እሱ መሆኑን አላረጋገጥኩም፣ ስሙንም እዚህ አልጽፍም። እህቱ እንዳለች ሰምቻለሁ፤ ቤቷን የሚያውቅ ሰው አግኝቻለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የልጅ ልጄን ከነስልኳ ይዤ እሄዳለሁ። መጀመሪያ እሷ ትስማው።